ወገባችሁን የመታው ብርድ አይደለም

የዛሬው ጽሑፌ በረዶ በሚጥልበት አገር ለምትኖሩ ነው፤ ሚኒሶታ፣ ዴንቨር፣ ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ፣ ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ ላላችሁ። አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ ደግሞ እዚህ አባት፣ ወንድም ወይም ልጅ ካላችሁ ላኩላቸው። ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነውና ታገሱኝ።

በረዶ በጣለ ማግስት ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው አንድ አባባል አለ። «ዶክተር፣ በረዶ ስጠርግ ወገቤን ብርድ መታኝ።» አባወራው ይለዋል፣ ባለቤቱ ትደግመዋለች፣ አብረው የመጡት እማማም «እኔም ብዬው ነበር» ይላሉ። ከዚያ መፍትሔው ይደረደራል፦ ሁለት ጋቢ፣ የወገብ ቀበቶ፣ ቪክስ፣ ሦስት ቀን አልጋ ላይ መዋል፣ ካልሆነም ወጌሻ።

እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ብርዱ አይደለም። ወገባችሁን የጎዳው ሸክሙ፣ አያያዙና ጥድፊያው ነው። ይህ የቃላት ክርክር እንዳይመስላችሁ። ጥፋተኛው ብርድ ነው ብሎ ያመነ ሰው ለሚቀጥለው በረዶ የሚዘጋጀው ሹራብ በመደረብ ብቻ ነው። ያንኑ አካፋ፣ በዚያው አያያዝ፣ በዚያው ፍጥነት ይዞ ይወጣል። እንደገናም ይጎዳል። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ሁለት ሳምንት ከሥራ ሲቀር ደግሞ የሚጎዳው ወገቡ ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ።

ይህን የምለው ከራሴ አንስቼ አይደለም። አውስትራሊያ ሲድኒ ውስጥ ተመራማሪዎች ድንገተኛ የወገብ ሕመም ይዟቸው ሐኪም ዘንድ የሄዱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን መዝግበው፣ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን የአየር ሁኔታ ከሌሎች ቀናት ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። የሙቀት መጠን፣ እርጥበትም ሆነ ዝናብ ከሕመሙ መነሳት ጋር ግንኙነት አልተገኘባቸውም። «ሲድኒ በረዶ የት አለና!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ በዚያ ጥናት ብቻ አልሟገትም። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ሰዎቹን «ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሰዓታት ምን እያደረጋችሁ ነበር?» ብለው ሲጠይቁ ያገኙት መልስ የበረዶ ጠረጋ መግለጫ ነው የሚመስለው። ከባድ ነገር ማንሳት አደጋውን ወደ 5 እጥፍ አሳድጎታል። ሸክምን ከሰውነት አርቆ መያዝ ወደ 6 እጥፍ፣ በማይመች አቋም መሥራት ወደ 8 እጥፍ፣ ድካም ደግሞ ወደ 4 እጥፍ። ከሁሉም በላይ የወጣው ግን ሐሳብ ተበታትኖ መሥራት ነበር። ሕመሙ በብዛት የጀመረውም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ነው።

አሁን የእኛን ሰው ጠዋት አስቡት። ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ወይም ኡበር ሲነዳ አድሯል፤ ወይም አረጋውያንን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታነሳ ያደረች እናት ናት። ሊነጋጋ ሲል ቤት ሲደርሱ መግቢያው በበረዶ ተዘግቷል። ልጆች ትምህርት ቤት መድረስ አለባቸው። እንቅልፍ የለም፣ ቁርስ የለም፣ ጆሮ ላይ ኢርፎን ተሰክቶ ከአዲስ አበባ ጋር ወሬ ተይዟል። አካፋው ተነሣ! ድካም፣ ጥድፊያ፣ የተበታተነ ሐሳብ፣ ለሰዓታት ተቀምጦ የደነዘዘ ወገብ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ከዚያ «ብርድ መታኝ» ይባላል። ብርዱ ምስኪን ነው።

የበረዶው ወቅት ከጾም ጋር መግጠሙንም አትርሱ። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ነው፤ ዓቢይ ጾምም በረዶው ሳያልቅ ይገባል፤ በእነዚህ ዓመታት ረመዳንም የሚውለው በብርዱ ወራት ነው። ጹሙ፤ እኔ ጾም ፍቱ አልልም። ግን ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ከቅዳሴ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ፓርኪንግ ብቻችንን እንጥረግ የሚሉ ሁለት ሦስት አባቶች በየደብሩ አሉ። ያ አገልግሎት የሃያ ወጣት ሥራ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ1990 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) ያለውን ጊዜ የቃኘ ጥናት፣ በአካፋ በረዶ ሲጠርጉ ተጎድተው ወይም ታመው ድንገተኛ ክፍል የሄዱት ሰዎች ወደ 195,000 እንደሚደርሱ ገምቷል፤ በዓመት 11,500 ያህል መሆኑ ነው። ከሦስቱ አንዱ ገደማ የታችኛው ወገብ ጉዳት ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተጎዱት አንሸራቷቸው ወድቀው ሳይሆን ጡንቻቸውን ከአቅም በላይ በማሠራት ነው።

ከአቅም በላይ ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ፣ አብረን እናስላ። 10 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ስፋት ያለው የመኪና መግቢያ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር በረዶ ቢጥል አራት ሜትር ኩብ ተኩል ይሆናል። አዲስ የወረደ ቀላል በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ገደማ ቢመዝን፣ መግቢያችሁ ላይ የተኛው 4 ኩንታል ተኩል ነው። መጋቢት ላይ የሚጥለው ውሃ ያዘለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ 250 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ከ11 ኩንታል በላይ ይሆናል። በእያንዳንዱ ዛቅታ 5 ኪሎ ብታነሡ 225 ጊዜ ጎንበስ ቀና ማለት ነው። ማነው ከአልጋ ተነሥቶ፣ ሳይዘጋጅ፣ 11 ኩንታል ጤፍ በማንኪያ የሚያራግፍ? ነጭ ስለሆነ ብቻ ቀላል ይመስለናል። ያደግንበት በረዶ ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ደብድቦ በሰዓት ውስጥ የሚቀልጠው ነው፤ መጥረግን ማንም አላስተማረንም።

ሌላው የአካፋው ርዝመት ነው። አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ደረታችሁ ላይ ያዙ፤ ከዚያ እጃችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ክብደቱ አልተለወጠም፣ ልፋቱ ግን ሌላ ነው። አከርካሪያችንን ቀጥ አድርገው የሚይዙት የጀርባ ጡንቻዎች የሚጎትቱት ከአከርካሪው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆነው ነው። 6 ኪሎ በረዶ ከሰውነታችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ አካፋ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ ጡንቻዎቹ ያንን ለመመከት ብቻ ከ70 ኪሎ በላይ ጉልበት ማውጣት አለባቸው። የራሳችሁ የጎነበሰ ሰውነት ክብደት ገና አልተቆጠረም። በዚህ ላይ በትከሻ በኩል ወደ ኋላ ስትወረውሩት መጠምዘዝ ይጨመርበታል። አገር ቤት ኩንታል በትከሻው የተሸከመ ሰው «ይህ ምን አላት?» ይላል። ወንድሜ፣ ኩንታሉ ትከሻህ ላይ፣ ከአከርካሪህ ጋር ተጣብቆ ነበር። ያኔም 22 ዓመትህ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ጤና ባለሙያዎች ልዙር። በየዓመቱ አንድ ዓይነት ፖስተር እንለጥፋለን፦ «ጉልበትዎን አጥፈው ያንሡ»። ምክሩ ስህተት ነው አልልም። ግን እሱን ተናግሮ ሥራዬን ጨረስኩ ማለት ራስን ማታለል ነው። ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ የአነሣስ ሥልጠና ብቻውን የወገብ ሕመምን እንደሚከላከል ማስረጃ አልተገኘም። ሰው ሲደክመው አነሣሱን ይረሳዋል፤ 200ኛው ዛቅታ ላይ ጉልበቱን የሚያጥፍ አላየሁም።

ቀበቶውማ ይባስ። በቲክቶክና በቴሌግራም «ለበረዶ ጊዜ» እየተባለ የሚሸጠው የወገብ ቀበቶ ገንዘባችሁን እንጂ ወገባችሁን አይዝም። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ጤነኛ ሠራተኞች ጉዳት ይከላከልልናል ብለው እንዳይተማመኑበት አስታውቋል። በ2000 የታተመ፣ ከ9,000 በላይ የመደብር ሠራተኞችን የተከታተለ ጥናትም ቀበቶ በሚያደርጉና በማያደርጉ መካከል ልዩነት አላገኘም። የከፋው ጉዳቱ ደግሞ የሚሰጠው ድፍረት ነው፤ ቀበቶ የታጠቀ ሰው ሙሉ አካፋ ይዝቃል።

ታዲያ ምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2016 ከ30,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች የገመገመ ሥራ አለ። የአካል እንቅስቃሴ ከትምህርት ጋር ሲጣመር አዲስ የወገብ ሕመም የመያዝ ዕድልን 45 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ እንቅስቃሴ ብቻውን ደግሞ 35 በመቶ ያህል። ትምህርት ብቻውንና ቀበቶ ግን ምንም አላመጡም። የበረዶ ጉዳት መከላከል የሚጀመረው መስከረም ላይ፣ ሳሎናችሁ ውስጥ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሃያ ደቂቃ። ቁጭ ብድግ፣ ፕላንክ፣ በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ከወለል ማንሣት፣ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ። ጂም አያስፈልግም። (በጾም የሚሰግዱ እናቶቻችን ከዳሌያቸው ማጠፍና መነሣት ላይ ከብዙ ወጣት ይበልጣሉ፤ በዓይኔ የማየው ነው።)

በዕለቱ ደግሞ ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ግፉት፣ አታንሡት። ሰፊ አፍ ያለው መግፊያ ግዙና በረዶውን እንደ መጥረጊያ ወደ ዳር ገፍታችሁ ተዉት። ማንሣት ግድ ሲሆን በትንሽ አካፋ፣ በትንሹ። የካናዳ የሥራ ጤናና ደኅንነት ማዕከል ለተከታታይ ጠረጋ የሚመክረው አካፋውን ጨምሮ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ነው፤ እርጥብ በረዶ ከሆነ ይህ ማለት የአካፋው ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንድ እጃችሁ ወደ አካፋው አፍ ቀረብ ይበል። ስትደፉት ወገባችሁን ሳይሆን እግራችሁን አዙሩ፤ ሁለት እርምጃ ሄዳችሁ ድፉት። አካፋው ከመሬት እስከ ደረታችሁ የማይደርስ ከሆነ ለእናንተ አጭር ነው። እጀታው የተቆለመመ ዓይነት ጎንበስ ማለትን ይቀንሳል። በረዶው እንዳይጣበቅ አፉን ሰም ወይም የምግብ ዘይት ስፕሬይ ቀቡት።

15 ሳንቲ ሜትር እስኪከመር አትጠብቁ። በሰባቱ አንዴ፣ በቀረው አንዴ ውጡ። የከተማው ጠራጊ መኪና መግቢያችሁ አፍ ላይ ገፍቶ የሚተወው ክምር ከሁሉም የከፋ ነው፤ የተጨቀጨቀና ከበረዶ ግግር ጋር የተደባለቀ ነው። እሱን ከሥሩ ፈንቅሎ ለማንሣት መታገል የብዙ ወገብ መቋጫ ሆኗል። እንደ ድፎ ዳቦ ከላይ እየሸረፋችሁ፣ በንብርብር አውርዱት።

ከአልጋ ተነሥታችሁም ወዲያው አትውጡ። ሌሊት ስንተኛ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ውሃ መጥጠው ይወጠራሉ፤ በመጀመሪያው ሰዓት ጎንበስ ማለት ይበልጥ ይጫናቸዋል። ቁርስ ብሉ፣ ቤት ውስጥ ተንቀሳቀሱ። ብርድ የሚባለው ነገር ድርሻ ካለው እዚህ ጋ ነው፤ ያልሞቀ ጡንቻ ይደነድናል፣ ስለዚህ ልብስ ደርቡ፣ አምስት ደቂቃ ተራመዱ። ኢርፎኑን ግን ቤት ተዉት። አገር ቤት ያሉት አይጠፉም።

«ቅጣት ይመጣል» ለምትሉ፦ የምትኖሩበትን ከተማ ሕግ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ከምትገምቱት የበለጠ ጊዜ ይሰጣል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለአንድና ለሁለት ቤተሰብ መኖሪያ ቤቶች የእግረኛ መንገዱን ለመጥረግ በረዶው ካቆመ በኋላ 24 ሰዓት አላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ካቆመ በኋላ ባሉት 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ይላል፤ ዕድሜያቸው 65 የሞላና አካል ጉዳተኛ ነዋሪዎችን ደግሞ ከቅጣቱ ነፃ ያደርጋል። የ70 ዓመት አባታችሁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካፋ የሚያሲዝ ሕግ የለም። የሚያሲዛቸው «ጎረቤት ምን ይላል» ነው። ሬስቶራንትና ሱቅ ያላችሁ ወገኖችም፣ ዕቃ ስታጥብ የቆየችውን ልጅ ላቧ ሳይደርቅ አንድ አካፋ ሰጥታችሁ ሙሉ ፓርኪንግ አታስጠርጉ።

ልጆቻችሁ ይጥረጉ ወይ? አዎ፣ ይጥረጉ። ወገብ ብርጭቆ አይደለም፤ በልኩ ሲሠራ ይጠነክራል። ለቁመታቸው የሚሆን አካፋ ስጧቸው፣ አራርቃችሁ አቁሟቸው። ቅድም ባነሣሁት የአሜሪካ ጥናት ከ19 ዓመት በታች የሆኑት በአካፋ ተመትተው የመጎዳት ዕድላቸው ከትልልቆቹ እጅግ የበለጠ ነበር። በሞተር የሚሠራው የበረዶ ማሽን ግን ለልጅ አይሰጥም፤ ለአዋቂም ቢሆን ሲዘጋ በእጅ አይነካም፣ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን። ጣት ይቆርጣል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ወገባችሁን ከያዛችሁ፣ ሦስት ቀን አልጋ ላይ አትዋሉ። ከአቅማችሁ ጋር ተንቀሳቀሱ፤ ሙቅ ነገር አድርጉበት፤ የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ከሌለባችሁና ደም ማቅጠኛ ካልወሰዳችሁ አይቡፕሮፌንን ለጥቂት ቀናት መጠቀም ይቻላል። አብዛኛው ሕመም በሳምንታት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል። «መርፌ ውጉኝ፣ ኤምአርአይ አንሡኝ» ለምትሉኝም መልሴ ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ምልክቶች ከሌሉ አያስፈልግም ነው። ምንም ሕመም የሌላቸው የ40 ዓመት ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡ ግማሽ ያህሉ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይታያል። ያንን ወረቀት የያዘ ሰው «ዲስኬ ተንሸራቷል» እያለ ዓመት ሙሉ ለመጎንበስ ይፈራል፤ ፍርሃቱ ከዲስኩ የበለጠ ያስረዋል። ወጌሻን በተመለከተ፣ ቀስ ብሎ ማሸት አይጎዳም። ጉልበቱን ጀርባችሁ ላይ አሳርፎ «አስገባዋለሁ» ካላችሁ ግን ከዚያ ቤት ውጡ።

ሳትዘገዩ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው፦ በሁለቱ እግሮች መካከልና መቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፤ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፤ እየባሰ የሚሄድ የእግር መስነፍ። እነዚህ ላይ ሰዓታት ዋጋ አላቸው፤ «ነገ ያየኛል» አይባልም። ትኩሳት፣ ያለምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የካንሰር ታሪክ፣ ወይም የወደቀ አረጋዊ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ይይ።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ልብ ነው። በዚያው በአሜሪካው ጥናት ከተመዘገቡት ጉዳቶችና ሕመሞች የልብ የሆኑት 7 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ የሞቱት ግን ሁሉም በልብ ምክንያት ነው። ብርድ በእርግጥ የሚመታው ይህን ነው፤ የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትን ይጨምራል፣ ከዚያ ላይ አካፋው የልብን ሥራ ድንገት ያበዛል። እናም አንድ አባት ሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል፣ ደረቱ ላይ ወይም መንጋጋው ላይ የሚጨመድድ ስሜት መጥቶ፣ አልቦት፣ ትንፋሽ አጥሮት «ጀርባዬን ብርድ መታኝ» ብሎ ጋቢ ተከናንቦ ይተኛል። ቤተሰቡም ሻይ ያፈላለታል። አታፍሉ፤ 911 ደውሉ። ስኳር፣ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚያጨስ፣ ወይም ከ55 ዓመት በላይ ሆኖ እንቅስቃሴ የማያደርግ ሰው አካፋ ከማንሣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ እስከዚያው የጎረቤት ልጅ ከፍሎ ያስጠርግ። ብቻችሁን የምትወጡም ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፤ ቤት ያለ ሰውም በየአሥር ደቂቃው በመስኮት ይያችሁ።